ራኬቱ ለእጁ ወይስ እጁ ለራኬቱ?

በዚህ ወር ከመማሪያ ክፍል ወጣ ብለን ወደ ቴኒስ ሜዳ እንዘልቃለን። ምክንያታችን አንድ የ12 ዓመት ተማሪያችን ነው። አጎቱ ከጅዳ በላከለት ራኬት ሁለት ወር ያህል ከተጫወተ በኋላ፣ ሲጽፍ ፊቱን ሲያጨማድድ አይተን ጠየቅነው። «ኡስታዝ፣ ክርኔን ያመኛል፤ ለቤት ግን አይንገሩብኝ» አለን። አጎቱ እንዳይከፋበት ፈርቶ ኖሯል።

ራኬቱን በሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ብናኖረው 340 ግራም ሆነ። እጀታውም ለጎልማሳ መዳፍ የተሠራ ነው። የእጀታን ልክ ማወቅ ቀላል ነው፤ ራኬቱን በሚጫወቱበት እጅ ጨብጠው፣ በጣቶቹ ጫፍና በመዳፉ ሥር መካከል የሌላኛው እጅ ጠቋሚ ጣት ልክክ ብሎ ከገባ ተስማሚ ነው። ቀጭኑን እጀታ መጠቅለያ ደርቦ ማወፈር ይቻላል፤ ወፍራሙን ማቅጠን ግን ያስቸግራል።

ክብደትም እንዲሁ ነው፤ መጨመር እንጂ መቀነስ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲገዛ ቀለል ያለውን መምረጥ ይበጃል። የሚጨመረው ስስ የእርሳስ ማዕድን ጥብጣብ ነው። በራኬቱ አናት ላይ ሲለጠፍ ምቱ ይበረታል፣ መወዝወዙ ግን ጉልበት ይፈጃል። በግራና በቀኝ ጎኑ ሲሆን፣ ኳሷ ከመሐል ስታ ብትመታም ራኬቱ በእጅ ውስጥ እምብዛም አይዞርም። ሁለት ሦስት ግራም እየጨመሩ መሞከር ነው። እርሳስ መርዝነት ስላለው ሥራው የአዋቂ ይሁን፤ እጅም ይታጠብ።

14 የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን ያነሣው አሜሪካዊው ፒት ሳምፕራስ እርሳስ በተለጠፈበት፣ ፊቱ 85 ካሬ ኢንች ብቻ በሆነ ከባድ ራኬት፣ ክሩን ከ70 ፓውንድ በላይ አስወጥሮ ይጫወት ነበር። ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። ያ ግን በሳምፕራስ ክንድ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው! ሮጀር ፌደረር እንኳ ለዓመታት የያዘውን ባለ 90 ካሬ ኢንች ራኬት ትቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 97 ተሸጋግሯል።

ክሩ ላላ ሲል ኳሷ አርቃ ትሄዳለች፣ ለክንድም ይለሰልሳል። ሲወጠር ኳሷን መቆጣጠር ይቀላል፤ ምቱ ግን ክንድ ላይ ይጠነክራል። ደረቁን የፖሊስተር ክር ለልጅ ክርን አንመክረውም።

ተማሪያችንን አሳምነን ነገሩን ለአባቱ ነገርን። ልጁ ሐኪም አይቶት ጥቂት ሳምንታት ካረፈ በኋላ ባለ 26 ኢንች ቀላል ራኬት በውሰት ተገኘለት። የጅዳው ራኬት ለታላቅ ወንድሙ ተላለፈ፤ እሱም ክሩን በሁለት ፓውንድ አስላልቶ ይጫወትበታል። አጎትየውም ጉዳዩን በስልክ ሲሰሙ አልተቀየሙም፤ የልጁ መዳፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለክተን እንድንነግራቸው ብቻ ጠየቁን።