ልኩን ማን ለካው?

ሞላ ያለ ሰውነት ያላት እኅታችን ለሠርግ የሚሆን የሐበሻ ቀሚስ ፈልጋ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ወዳለ የባህል ልብስ መደብር ብትገባ፣ በቅድሚያ የሚገጥማት ጥያቄ «ስንት ቁጥር ትለብሻለሽ?» የሚል ነው። ቁጥሩ ከላርጅ ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት ነጠላ ብቻ ይሆናል። የእኔ ሙግት ለእርሷ «ፕላስ ሳይዝ» የሚባል የተለየ መደርደሪያ ይዘጋጅላት የሚል አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ይቅር የሚል ነው።

ጥያቄው ለቀሚሳችን ባዕድ ነውና። በሽሮ ሜዳም ሆነ በየከተማው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ደረትን፣ ወገብን፣ ዳሌንና ቁመትን ይለካ ነበር። አሠራሩ ለቀጭኗም ለወፍራሟም አንድ ነበር፤ የሚለያየው የሸማው ብዛት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከባሕር ማዶ ከተሰፋ ልብስ ጋር የመጣ እንግዳ ነው።

ይህ እንግዳ ያደገው ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ። (ግብርና ከሴት ወገብ ጋር ምን አገናኘው ለሚል አንባቢ፣ የቤት አያያዝን የሚያጠናው ቢሮ በዚያ ሚኒስቴር ሥር ነበር።) በስሌቱ የገባው የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ1958 የሴቶችን የልብስ መጠን ደረጃ ያወጣው ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ፣ ያኔ መቀመጫው ከአዳምስ ሞርጋን ብዙም በማይርቅ የኮነቲከት ጎዳና ላይ ነበር። አዳምስ ሞርጋን ስሙን ያገኘው አንዱ የነጭ፣ ሌላው የጥቁር ልጆች ከነበሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነው፤ የዘር ልዩነቱ በ1954 በፍርድ ቤት ከተሻረ በኋላ ነዋሪዎቹ ሁለቱን ስሞች አጣመሩ። በልብሱ ቁጥር ውስጥ ግን የጥቁር ሴት ወገብ አልተጣመረም። መንግሥት ደረጃውን በ1983 ሰረዘው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እንደ ፋብሪካው ፈቃድ የሚሰፋና የሚጠብ ሆኗል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በጥበብ ቀሚስ አንገት ሥር «ኤክስ ኤል» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ማንን ለክቶ እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ይሆን?

ነጋዴዎቻችን የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ተዘጋጅቶ የመጣ ቀሚስ ይረክሳል፤ ልክ ተወስዶ የሚሰፋው ግን ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሠርጉ ያልፋል። የእጅ ሸማ ስፋት መወርወሪያውን በሚያመላልሰው ሸማኔ ክንድ የተወሰነ ስለሆነም፣ ሰፊ ቀሚስ ተጨማሪ ሸማ ይጠይቃል። ሸማኔው ለተጨማሪው ድካሙ ይከፈለው፤ ዋጋውም በግልጽ ይነገር። ገዢዋ የምትቀየመው በሸማው ሒሳብ አይመስለኝም። አራት ልኬት በስልክ ወደ ሽሮ ሜዳ ለመላክም ደቂቃ አይፈጅም።

ቃላችንም መፈተሽ አለበት። «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የሚለው የእናቶቻችን ሰላምታ ምርቃት ነበር፤ እዚህ የተወለደችው ልጅ ግን እንደ ስድብ ትሰማዋለች፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ስድብም ነው። ያንን ሰምታ ወደ መደብሩ የገባች ልጅ «ላንቺ የሚሆን የለም» ከተባለች ሁለተኛ አትመለስም። እናት በነጭ ጥበብ ደምቃ፣ ልጅ ከጎኗ በጥቁር ሱሪ የቆመችበትን የእንቁጣጣሽ ፎቶግራፍ በየቤታችን እናውቀዋለን።