ውሃን በእህል ዋጋ

በምዕራብ ጎጃም በቆሎ ተበላሸ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ነቀዝ ነው። ነቀዝ ይበሳል፣ ዱቄት ያፈሳል፣ ጎተራ ሲከፈት በዓይን ይታያል። ሻጋታ ግን የጠረን ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል፤ የከፋው ተለቅሞ ለከብት ወይም ለጠላ ይቀመጣል፣ የቀረው ይፈጫል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ የሚጫነው በቆሎና በርበሬ የሩቅ ከተማ ማዕድ ጭምር ስለሆነ፣ ጉዳዩ እንደ ጓዳ ንጽሕና ብቻ መታየት የለበትም። የሻጋታ መርዝ በዋናነት የገበያ ጉድለት ነው፤ ሚዛኑ ውሃን በእህል ዋጋ እስከገዛ ድረስ ምክር ብቻውን እህል አያደርቅም።

መርዙን የሚሠራው በዋናነት አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል የአፈር ፈንገስ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲመቸው በማሳም በጎተራም አፍላቶክሲን ያመነጫል። ነገሩ ለሳይንስ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ በተበከለ የለውዝ መኖ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ካለቁ በኋላ ነው። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተበከለ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከመረመራቸው 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች 8ቱ፣ ከ60 የሽሮ ናሙናዎች ደግሞ 5ቱ መርዙ ተገኝቶባቸዋል። በበርበሬው የተለካው በኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ለቅመም የሚፈቅደው 10 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ንጹሕ አንድም አላገኘም፤ ከምንጮቹ ዋነኛው የኑግ ፋጉሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ከሚዛን ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። በቆሎ ለክምችት የሚመቸው እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል እዚያ እስኪደርስ ቢሰጣ ክብደቱ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እህሉን በደንብ ያደረቀ ገበሬ፣ ዋጋው እኩል ከሆነ፣ በየኩንታሉ ስድስት ኪሎ ያህል ይቀጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ የሚያጣድፈው ደግሞ እርጥቡን ሸጦ ይሻለዋል። በበርበሬም እንዲሁ ነው፤ ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ የሚረጭበት ነጋዴ ፈንገሱ የሚፈልገውን እርጥበት ይመልስለታል።

“አባቶቻችን የሻገተ በልተው ምን ሆኑ?” የሚል ይኖራል። አፍላቶክሲን በብዛት ሲገባ በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ግን ጉበትን ለዓመታት ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ሞቱ በሌላ በሽታ ስም ሲጠራ እህሉን የሚጠረጥር የለም። “እሳት ያጠፋዋል” የሚለውም አያስተማምንም፤ መርዙ የድስትና የምጣድ ሙቀትን በአብዛኛው ይቋቋማል። አረቄ ሲወጣም መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ስለማይሄድ አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላውን ላም ትበላዋለች፤ ለሰው አይሆንም ተብሎ የተለየው እህል በወተት በኩል ወደ ሕፃን ጽዋ ይመለሳል። “ረሃብ ባለበት እህል ጣሉ ማለት ቅንጦት ነው” ለሚለው ደግሞ፣ የሚጠየቀው መጣል ሳይሆን ቀድሞ ማድረቅ ነው፤ በኅዳር ፀሐይ ሸራ ላይ ማስጣት ከመጣል እጅግ ይረክሳል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከገበሬው ወገን የሚመጣው ነው፦ እርጥበት መለኪያ በነጋዴ እጅ ብቻ ከገባ ዋጋ መስበሪያ ሰበብ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን መለኪያውን ማስቀረት ሳይሆን በሁለቱም እጅ ማድረግ ነው። የመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘኖችና የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገዢዎች ለደረቅ እህል የተለየ ዋጋ አስቀድመው ቢለጥፉ፣ ያ ስድስት ኪሎ ወደ ባለቤቱ ኪስ ይመለሳል። ገበሬውም ባዶ እጁን አይከራከርም፤ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና የደረቀ ጨው ጨምሮ ከነቀነቀ በኋላ ጥቂት ቢጠብቅ፣ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ሙከራው 13 እና 14ን አይለይም፤ ስለዚህ ለመጋዘን የመሣሪያ ልኬት ያስፈልጋል። ገበሬው ግን ከቤቱ ሳይወጣ፣ አህያውን ሳይጭን፣ እህሉ ገና ፀሐይ እንደሚቀረው ያውቃል፤ ገበያው ለዚያች ተጨማሪ ፀሐይ ከከፈለው ደግሞ መልሶ ያሰጣዋል።