ቃልና አገባብ

በቅኔ ቤታችን የቆየ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ተማሪው ግሱን ቢያጠና አገባቡንም ቢያውቅ፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ነግሮ ካልታረመለት ዐወቀ አይባልም።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ስለዚህ የቋንቋው በር ያልተከፈተለት ልጅ የሌላውን ትምህርት ዕውቀቱን ለመግለጽ ይቸገራል። በ2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ገደማ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የቋንቋው ነገር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

ፈተና ሲቀርብ ቃላትን በዝርዝር መሸምደድ፣ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው መያዝ ለጥቂት ቀን ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ በዐረፍተ ነገር ካልዋለ፣ ሰዋስውም በጽሕፈት ካልተለመደ፣ ሁለቱም በፈተናው ማግስት ይጠፋሉ።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪው በየቀኑ ጥቂት ቃል ይዞ የራሱን ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ያድርግ፤ ጽሑፉንም ይረምለት። የትምህርት ሹማምንትም ለዚሁ እርማት የሚበቃ ጊዜና መጻሕፍት ለመምህሩ ይስጡት። ካህናቱም የቅኔ ቤቱን ልማድ ለዘመኑ ተማሪዎች ይንገሩ፤ በእርማት የተገኘ ዕውቀት ከፈተናው በኋላም ይኖራልና።