የዓይን ውስጥ ብግነት በምስል እንዲለካ የቀረበ የአቋም መግለጫ

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ዩቪያይትስ (የዓይን ውስጥ ብግነት) ይዞት ወደ ደሴ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሄድ ታካሚ በየቀጠሮው አንዱን ባለሙያ ላያገኝ ይችላል። ካርዱ ላይ አንዱ «1+» ይጽፍለታል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላው «2+»። ብግነቱ ብሶበት ነው ወይስ መርማሪው ስለተለወጠ? ብግነቱ የሚታከምበት የስቴሮይድ መጠን የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ስቴሮይድ ሲበዛና ሲቆይ ሞራና ግላኮማ ያመጣል፤ ያለጊዜው ሲቋረጥ ደግሞ ብግነቱ ብርሃን ያሳጣል።

የምንጠቀምበት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ክፍሉ ይጨልማል፤ የስሊት ላምፑ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፑ) ጨረር 1 በ1 ሚሊሜትር ይደረግና በኮርኒያና በአይሪስ መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ፣ በጎጆ ቀዳዳ በገባ ፀሐይ ላይ እንደሚታይ ብናኝ የሚንሳፈፉት ሴሎች ይቆጠራሉ። ከ6 እስከ 15 ከሆኑ 1+፣ ከ16 እስከ 25 ከሆኑ 2+ ነው። ደረጃውን አንነቅፍም፤ ከዚያ በፊት የጋራ መግባቢያ አልነበረንም። ሆኖም 6 እና 15 በአንድ ስም ሲጠሩ 15 እና 16 ይለያያሉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ቆሞ ስለማይጠብቅም የሁለት ባለሙያ ቆጠራ አይገጥምም።

ኦሲቲ የተባለው፣ ዓይንን በብርሃን የሚያነሳ መሣሪያ ያንኑ ፈሳሽ በምስል ያነሳል። ሴሎቹ ብሩህ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ፤ ምስሉ ስለሚቀመጥ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ይቆጥራቸዋል። የማኩላ (የሬቲና ማዕከል) እብጠትን በማይክሮሜትር የሚነግረንም ይኸው መሣሪያ ነው። የሌዘር ፍሌር መለኪያ ደግሞ ወደ ፈሳሹ የሾለከውን ፕሮቲን በቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ ማኅበራችን ለሪፈራል ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል መሣሪያ ሲገዛ የፊተኛውን የዓይን ክፍል የሚያነሳ ኦሲቲ እንዲካተት አጥብቆ ይጠይቃል። ከመሣሪያው ጋር የሚያነሳውና የሚጠግነው ሰው አብሮ ይሠልጥን። ምስል ግን ሐኪሙን አይተካም፦ ነጥቡ የብግነት ሴል ይሁን ቀይ የደም ሴል ኦሲቲ በእርግጠኝነት አይለይም፤ የብግነቱ መነሻ ሊሆኑ የሚችሉትን የሳንባ ነቀርሳንና የቂጥኝን ምርመራም አያስቀርም።

ኦሲቲ እስኪደርስ የሚጠበቅ ሥራ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በየካርዱ የጨረሩ ስፋት፣ የተቆጠረው ሴልና የስቴሮይድ ጠብታው መጠን ይጻፍ፤ ካሜራ ባለበት የስሊት ላምፕ ፎቶ ይነሳ፤ ቅጂውም ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ለታካሚው ይሰጠው።