ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ምርመራ ይቅደም

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልጆች ተቅማጥ፣ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ስናወጋ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳያችን ራውተር ነው። «ነርስንና ራውተርን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። ገረሴ ላይ በጡረታ ከተቀመጥኩ ወዲህ ስለ ሕመሙ ከሚጠይቀኝ ጎረቤት እኩል «ኔትወርኩ እንዲፈጥንልኝ የትኛውን ዕቃ ልግዛ?» የሚለኝ በዝቷል።

ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ወላጆችና አያቶች ናቸው። ልጆቻቸው አርባ ምንጭ ይማራሉ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራሉ፣ ወይም ባሕር ማዶ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ፊት የሚያዩት በስልክ ብቻ ነው። ለፈተና የሚዘጋጁት ልጆች ደግሞ ማታ ማታ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። የእኛን አገር ጭጋግና ጨለማ ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት «እሱ እስኪመለስ ዓይኔ አይከደንም» ብላኛለች። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት አይደለም፤ ልጅን ቤት የማዋልና ዘመድን የማገናኘት ጉዳይ ነው።

በሙያችን ምርመራ ሳይደረግ መድኃኒት አይታዘዝም። ራውተርም እንደዚያው ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤቴ፣ መምህር የነበሩ፣ ባለ አራት አንቴና ራውተር በብዙ ብር ገዝተው መጡ። ቤት ሲገባ ግን ምንም ለውጥ የለም። ቤታቸው ቆላ ባለ ቦታ ነው፤ ዕቃውንም ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስቀምጠውታል። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር አውጥተን በሌላው ወገን ያለው መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርገን ማስቀመጥ ነው። ያን ዕለት ማታ ልጃቸውን ሳይቆራረጥ አነጋገሩ። ያንን ቦታ አስቀድመው ቢያገኙት ኖሮ ባለ ሁለት አንቴናውም ይበቃቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ወደ ስልካችሁ የሚደርሰው በሁለት መንገድ አልፎ ነው። አንደኛው ከኔትወርክ ታወሩ ወይም ከመስመሩ እስከ ራውተራችሁ ያለው ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ፣ ማለትም በቤታችሁ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት በአብዛኛው ሁለተኛውን የሚመለከት ነው። ወደ ቤታችሁ የሚገባው 5 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ 1000 የሚል ራውተር ብትገዙም 5ቱ 5 ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የትኛው መንገድ እንደታመመ እንለይ። በስልካችሁ የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ጫኑ፤ ካልቻላችሁ ልጆቹ ይጭኑላችኋል። መጀመሪያ ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ለኩ። ቀጥሎ መኝታ ቤት ገብታችሁ ለኩ። ራውተሩ ሥር ፈጣን ሆኖ መኝታ ቤት ከደከመ፣ ችግሩ የቤት ውስጡ ዋይፋይ ነው፤ ቦታ መቀየር ወይም የተሻለ ራውተር ይረዳል። ራውተሩ ሥርም ደካማ ከሆነ፣ ችግሩ ወደ ቤት የሚገባው ነውና ዋይፋዩ ብርቱ የሆነ ራውተር መግዛት አይፈውሰውም። የደም ግፊትን አንዴ ለክተን እንደማናምን ሁሉ ይህንንም ደጋግማችሁ ለኩ፤ ጠዋትም፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚከፍትበት ማታ 2 ሰዓት ላይም። ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ከ1 እስከ 2 ሜጋ ቢት የማይቆራረጥ ፍጥነት ይበቃል።

ራውተር ገና ያልገዛችሁም ብትሆኑ ያለ ወጪ መመርመር ትችላላችሁ። 4ጂ የሚሠራ ስልክ ያዙና በየመስኮቱ፣ በየበሩ፣ በየበረንዳው እየዞራችሁ ለኩ። ከፍተኛውን ያገኛችሁበት ቦታ የራውተራችሁ ቦታ እሱ ነው። እዚያ ላይ ስልኩን አስቀምጣችሁ ሆትስፖቱን ክፈቱና በሌላ ስልክ ለአንድ ሳምንት ተጠቀሙ። እሱ ከበቃችሁ ገንዘባችሁን ለሌላ ጉዳይ አውሉት።

መግዛት የግድ ከሆነስ? የሽቦ ወይም የፋይበር መስመር ያላችሁ፣ ከመስመሩ ጋር የሚስማማውን ዓይነት ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቃችሁ ግዙ። በሲም የምትጠቀሙ፣ ራውተሩ የእናንተን ሲም መቀበሉን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከውጭ የመጡና ያገለገሉ ዕቃዎች በአንድ የውጭ ድርጅት ሲም ብቻ እንዲሠሩ ተቆልፈው ሊሆን ይችላል፤ የሚይዙት የሞገድ ዓይነትም ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከሚጠቀሙት ላይገጥም ይችላል። ልጆቻችሁ ከባሕር ማዶ ሊልኩላችሁ ሲያስቡ ይህንን ንገሯቸው። ቻርጀሩ ላይም እስከ 240 ቮልት መቀበሉን አንብቡ፤ የ110 ቮልት ብቻ የሆነው በእኛ 220 ይቃጠላል።

ባለ ሁለት ባንድ ቢሆን ይመረጣል። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን ያንሳል። 5 ጊጋኸርትዝ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ሲበዛበት ይደክማል። የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ሞገድን ብዙ አያስቸግርም፤ ብሎኬት፣ የብረት በር፣ ቆርቆሮ፣ ትልቅ መስታወትና ውኃ የሞላ በርሜል ግን ያዳክሙታል። ቤታችሁ በሸለቆ ውስጥ ከሆነ ለውጭ አንቴና መሰኪያ ያለውን የሲም ራውተር ምረጡ፤ አንቴናው ከቆርቆሮው በላይ ሲወጣ ለውጡ ይታያል።

መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ብንገዛ ይጠቅመናል። የሚያወጣው ቮልት ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት፣ አንዳንዶቹ 9 ናቸው። በክረምት መብረቅ ሲያስገመግም ደግሞ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ስለ ወርኃዊው ወጪም አስቡ። ኔትወርክ ሲፈጥን ቪዲዮው ራሱን ጥራት ወዳለው ይቀይርና የገዛችሁት ጥቅል ቶሎ ያልቃል። የይለፍ ቃሉንም ገና ቤት እንደገባ ቀይሩት፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ዋይፋይ ለባለቤቱ አይተርፍም።

«ጨረሩ ልጆቹን አይጎዳም ወይ?» የሚለውን ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። የዋይፋይ ሞገድ እንደ ራጅ ያለ ጨረር አይደለም፤ እንደ ሬዲዮ ሞገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መግለጫ ከታወሮችና ከገመድ አልባ ኔትወርኮች የሚመጣው ደካማ ሞገድ ጤናን እንደሚጎዳ የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሏል። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገዶችን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ይህም ማስረጃው ውሱን ነው፣ ጥናቱ ይቀጥል ማለት ነው። ልባችሁ ከፈራ ራውተሩን ከሕፃኑ አልጋ ራቅ አድርጉት፤ ወጪ የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንቅልፍ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ራውተሮች በተወሰነ ሰዓት ራሳቸውን እንዲዘጉ ወይም የአንድን ስልክ መስመር እንዲያቋርጡ ማድረግ ይቻላል። ስትገዙ ይህ እንዳለው ጠይቁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ሲዘጋ ከልጅ ጋር ጭቅጭቅ አይኖርም፤ ልጁ ይተኛል፣ እናንተም ታርፋላችሁ።

ለሳምንት ሰው ይበለን።