የሚሸጥ ጠብ

የእግር ኳስ ጠብ አገር አለው። ሰፈር አለው፤ የተወለደበት ቀን አለው፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ቂምና ቀልድ አለው። በዚህ ገጽ የምንከራከረው ስለዚሁ ጠብ ነው። ከሥሩ ተነቅሎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ሩቅ አገር ገበያ ላይ በችርቻሮ ሲሸጥ እያየን ዝም አንልም። «ኳስ ነው እኮ፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» የሚለን ቢኖር፣ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የማንን ሥዕል እንደለጠፈ መልሰን እንጠይቀዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ክረምት፣ በአውሮፓ በጋ፣ ታላላቆቹ ክለቦች ለአዲሱ የውድድር ዘመን ሰውነታቸውን ለማፍታታት የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋሉ። ይህ ጥንትም የነበረ ነው፤ አንቃወመውም። የምንቃወመው በላዩ የተለጠፈውን ንግድ ነው። አንድ አዘጋጅ ኩባንያ ይመጣና ሁለት ባላንጣዎችን ከነስማቸው ይዋዋላል፤ ለያንዳንዳቸው የመምጫ ዋጋ ቆርጦ ይከፍላል፤ ከዚያ በቲኬት፣ በቴሌቪዥንና በማስታወቂያ ያወጣውን ከነትርፉ ለመሰብሰብ ይነሳል። ክለቡ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ሒሳቡ አይጎድልበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው «ኢንተርናሽናል ቻምፒየንስ ካፕ» የዚህ ንግድ ትልቁ መደብር ነበር (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኦገስት 2 ቀን 2014 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ ሲገናኙ 109,318 ሰው ስታዲየም ገባ። ይህን ቁጥር ያየ ነጋዴ እንቅልፍ ይወስደዋል? በ2017 ጁላይ 20 ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች ሂውስተን ላይ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ ማያሚ ላይ ተጋጠሙ። የጎረቤት ጠብ ዋጋው ታወቀ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ጠብ ማን ሠራው? ሊቨርፑልንና ማንቸስተርን እንውሰድ። ሊቨርፑል የወደብ ከተማ፣ ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበሩ። የማንቸስተር ጥጥ በሊቨርፑል ወደብ በኩል ይገባ ስለነበር ወደቡና ባቡሩ የሚያስከፍሉት ቀረጥ የማንቸስተርን ነጋዴ ያንገበግበው ነበር። በመጨረሻም ማንቸስተሮች 58 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ቆፍረው መርከቡን በቀጥታ ከተማቸው አስገቡት። ቦዩ የተከፈተው በ1894 ነው። ዛሬ በዩናይትድ ዓርማ ላይ የምናያት መርከብ የመጣችው ከዚያችው የንግድ ከተማ ዓርማ ነው። በዚያው በ1894 ሊቨርፑልና ያኔ ኒውተን ሂዝ ይባል የነበረው ዩናይትድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ጨዋታው ማን ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚወርድ የሚወስን ነበር። ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸነፈና ወጣ፤ ኒውተን ሂዝ ወረደ። የወደብ ወዛደርና የፋብሪካ ሠራተኛ እንጀራ ያለበት ጠብ ነው እንግዲህ። ማንም ኩባንያ በማስታወቂያ አልፈጠረውም።

የሰሜን ለንደኑም እንደዚሁ ነው። አርሴናል በ1913 ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ ተነስቶ ቶተንሃም አፍንጫ ሥር ሃይበሪ ላይ ሰፈረ፤ ጠቡ ተጫረ። በ1919 አንደኛው ዲቪዚዮን ሲሰፋ አርሴናል ገብቶ ቶተንሃም ሲወርድ ነደደ። ከመቶ ዓመት በላይ የነደደውን ይህን እሳት ጁላይ 31 ቀን 2025 ሆንግ ኮንግ ወስደው አሞቁበት። ከእንግሊዝ ውጭ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር፤ ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈ። ለመሆኑ ያንን ውጤት ከመካከላችን ስንቱ ያስታውሰዋል?

ጥያቄው የነገሩ ሥር ነው። ጁላይ 12 ቀን 2022 ሊቨርፑልና ዩናይትድ ታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ላይ ተጫውተው ዩናይትድ 4 ለ 0 አሸነፈ። አራት ለዜሮ! ይህ አንፊልድ ላይ ቢሆን ኖሮ ዶርሚተሪያችን ሳምንቱን ሙሉ ባልተኛ ነበር። የባንኮኩን ግን ሰው በሳምንቱ ረሳው። ቢረሳውም አይፈረድበትም፤ የሊቨርፑል አሠልጣኝ በዘጠናው ደቂቃ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ቡድኖችን እያፈራረቀ ነበር ያሰለፈው። ልምምድ ነበራ! በዚያው የውድድር ዘመን፣ ማርች 5 ቀን 2023፣ ሊቨርፑል በሜዳው ዩናይትድን 7 ለ 0 ሲቀጣ ግን የማያስታውስ ማን አለ? የዩናይትድ ቲፎዞ የሆነ ወንድማችን ዛሬም «ሰባት» ሲባል ፊቱ ይለወጣል። ሁለቱም ጨዋታ ተመሳሳይ ማሊያ፣ ተመሳሳይ ስም ነበረው። ልዩነቱ አንደኛው ነጥብ፣ ክብርና ሕዝብ ያለበት፣ ሌላው የጠብ ልብስ የለበሰ ልምምድ መሆኑ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ባንኮክ ላይ እንባው ጠፋ፤ ለቅሶው የኪራይ ነበርና።

የኪራዩ ዋጋስ ስንት ነበር? የባንኮኩ ቲኬት ከ5,000 ባት ጀምሮ እስከ 25,000 ባት ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የታይላንድ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ እንደየክፍለ ሀገሩ ከ313 እስከ 336 ባት ነው። አስሉት። የቀን ሠራተኛው ያለ ምግብ፣ ያለ ቤት ኪራይ፣ ያለ አውቶቡስ የአሥራ አምስት ቀን ያህል ደመወዙን ቢያጠራቅም የመጨረሻውን ርካሽ ወንበር ያገኛል። የተሻለውን ቢመኝ ከሁለት ወር በላይ ይሠራለታል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይሉ ነበር አባቶች። እዚህስ ዝሆኖቹ ሳይጣሉ፣ ለመጣላት አስመስለው ብቻ፣ ሳሩ ተረገጠ።

ደግሞ የከፈለው ሰው የከፈለበትን ያያል ማለት አይደለም። በ2019 ጁላይ ላይ ዩቬንቱስ ሴኡል ሄዶ ከደቡብ ኮርያ ሊግ ምርጦች ጋር ሲጫወት ከ60,000 በላይ ሕዝብ ሮናልዶን ሊያይ ገብቶ ነበር። ሮናልዶ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ። ሰዉ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2020 አንድ ፍርድ ቤት አዘጋጁ ድርጅት ለሁለት ከሳሾች ለያንዳንዳቸው 371,000 ዎን እንዲከፍል ፈረደ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024 ደግሞ ኢንተር ማያሚ ሆንግ ኮንግ ገባ። ሜሲ ጉዳት አለብኝ ብሎ ወንበር ላይ ዋለ፤ ሕዝቡ «ገንዘባችን ይመለስ!» እያለ ጮኸ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይኸው ሜሲ ቶኪዮ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ተጫወተ። አዘጋጁ ግማሹን ዋጋ እመልሳለሁ አለ። ተጫዋቹ መታመሙን አንጠራጠርም። የምንለው ሌላ ነው፤ ሰውን እንደ ዕቃ ማስታወቂያ ላይ ሰቅሎ የሚሸጥ፣ ዕቃው ሲጎድል «ሰው ነው፣ ይታመማል» ብሎ ማምለጥ የለበትም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንስማ፤ ከመካከላችንም ብዙ ናቸውና። «እናንተ የእንግሊዝ ሰፈር ጠበቃ ማን አደረጋችሁ? ሩቅ ያለው ሕዝብስ በሕይወቱ አንድ ቀን በዓይኑ ቢያይ ምን አለበት? ኳስ የነጭ ርስት ነው ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘወር ብለን አናልፈውም። ኳስ የማንም ርስት አይደለም። የባንኮክም ሆነ የሴኡል ወጣት የሚወደውን ሊያይ መግባቱ ነውር የለበትም። እኛም ብንሆን አዳሜ ሁሉ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ ቅዳሜና እሑድ የሚጮኸው ለእነዚሁ ክለቦች ነው፤ ፍቅራችንን አንክድም። ግን ፍቅራችን የሚገባው እውነተኛውን ነው። ለሩቁ ሰው «አንተ የምትመጥንህ ይቺ ናት» ብሎ ጥላውን በሙሉ ዋጋ መሸጥ ሩቁን ማክበር አይደለም፤ መናቅ ነው። እውነተኛውን ጨዋታ ለባለ አገሩ፣ ቅጂውን ለእኛ!

ከሜዳ መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ጁን 9 ቀን 2022 ብሔራዊ ቡድናችን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያን የመሰለ ድል ያየነው የት ሆኖ ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ስላላሟሉ «የሜዳችን» ጨዋታ በሰው አገር ሆነ። ካምቦሎጆ ሊናወጥ በሚገባው ቀን ካምቦሎጆ ዝም አለ። በወሩ ሊቨርፑልና ዩናይትድ የሞላ ስታዲየም እያላቸው ባንኮክ ሄዱ። እኛን ያሰደደን እጦት ነው፤ እነሱን ያሰደዳቸው ትርፍ ነው። በሁለቱም መንገድ ግን ጨዋታውን የሠራው ሕዝብ ከጨዋታው ውጭ ቀረ።

«የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው» ለሚሉትም መልስ አለን። የወዳጅነቱ ቅምሻ ነው፤ ማዕዱ ከኋላ ይመጣል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2008 ሠላሳ ዘጠነኛ ጨዋታ ጨምሮ በውጭ አገር ሊያጫውት አስቦ ነበር፤ ተቃውሞ አስቀረው። የስፔን ሊግ በ2018 የጂሮናንና የባርሴሎናን የነጥብ ጨዋታ ማያሚ ሊወስድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በ2025 እንደገና መጣ፤ አሁን የቪያሪያልንና የባርሴሎናን። ኦክቶበር ላይ የስፔን ተጫዋቾች ጨዋታ ሲጀመር አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ተቃወሙ። በዚያው ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። ኩባንያው ያላስተዋለው ነገር ቢኖር ኳስ ያለ ሯጭ እንደማይሮጥ ነው። እንግዲህ «ምን ማድረግ ይቻላል?» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ መቆም ይቻላል!

መንቀፍ ብቻ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ክለብ ሊመጣ ከፈለገ የሚመጣበት መንገድ አለ። በ2017 የኬንያው ጎር ማህያ የምሥራቅ አፍሪካ ክለቦችን ውድድር አሸንፎ ዳሬ ሰላም ላይ ከእንግሊዙ ኤቨርተን ጋር ተጫወተ፤ በ2018 ደግሞ አጸፋውን ሊቨርፑል ከተማ ሄዶ ተጫወተ። ከጀርባው የቁማር ድርጅት ገንዘብ እንደነበረበት አንሸሽግም። ቢሆንም ቦታው በውጤት የተገኘ፣ የአገሩ ልጅ ሜዳ ላይ የቆመበት ጨዋታ ነበር። ባላንጦቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ግን ባለ አገሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከፋይ ብቻ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የሚመጣ ክለብ ከባለ አገሩ ቡድን ጋር ይጫወት፤ የሰፈር ጠቡን ሰፈሩ ይተወው። ሁለተኛ፣ የቲኬቱ ዋጋ የአገሩን ሠራተኛ የቀን ገቢ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ከገቢው የታወቀ ድርሻ ለአገሩ ልጆች ሜዳ ይቅር። አራተኛ፣ ማን እንደሚጫወት በማስታወቂያ የተነገረው በውል ይጻፍ፤ ሲጎድል ገንዘቡ ሙሉ ይመለስ፣ ግማሹ አይደለም!

ለእኛስ ለራሳችን? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነን መኖር ይብቃ። አርሴናልን መውደድ ይቻላል፤ ግን የአርሴናልን አሥራ አንድ ተጫዋች ከነተጠባባቂው በቃሉ የሚደግም ተማሪ የጊዮርጊስንና የቡናን ግብ ጠባቂ ስም ሲጠየቅ ጣራ ጣራ ማየት የለበትም። የሸገር ደርቢም አገር ያለው፣ ሰፈር ያለው ጠብ ነው፤ ማንም አልሸጠልንም፣ እኛው ነን የሠራነው። እሱን ችላ ካልነው፣ ነገ አንዱ ነጋዴ ገዝቶ ሌላ አገር ሲወስደው «የት ሄደ?» ለማለት አፍ አይኖረንም። የዲፓርትመንቶች ውድድር ሲጀመር ሜዳው ዳር ቆመን እንገናኝ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ጠቡም እውነተኛ ነው።