«ይኼ ፈተና ላይ አይወጣም»

ባለፈው ክረምት አራት ሆነን ገንዘብ አዋጣን። የአምቦና የጊንጪ ልጆች ነን። ሁለታችን ደመወዝተኞች፣ አንዳችን ተማሪ፣ አንዳችን ደግሞ «ሥራ ፈላጊ» (ይኼ ማዕረግ በእኛ አገር ከዲግሪ ቀጥሎ በራሱ ጊዜ ይመጣል)። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዷ ለሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ልንገዛ አስበን ነበር። ሁለት ቅዳሜ አዲስ አበባ ገብተን፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ጎንበስ ቀና ስንል ውለን፣ በሁለት ካርቶን 38 መጻሕፍት ይዘን ተመለስን።

ካርቶኑ ውስጥ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ነበረ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረ። በአፋን ኦሮሞ ልብ ወለድ ታሪክ ቀደምት ከሆኑት አንዱ፣ የጋዲሳ ብሩ «ኩሳ ጋዶ» ነበረ። ስለ ከዋክብት የሚያስረዳ ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ ስለ ዕፀዋት፣ ስለ ሰው አካል፣ ስለ ሒሳብ ታሪክ፣ የሠዓሊዎች ሥራ በቀለም የታተመባቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት፣ ጥቂት ቴአትሮች፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ሰዋስው። ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ነበር። ያደባለቅነውም ሆን ብለን ነው።

ርክክቡ ላይ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነሱ ገለጡ፣ ገለጡና መልሰው አስቀመጡ። በመጨረሻም፣ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ይኼ ፈተና ላይ አይወጣም። አጋዥ መጽሐፍና የማትሪክ ጥያቄ ብታመጡልን ነበር የሚጠቅመን» አሉን። ሁለቱን ሰዋስዎች አስቀርተው 36ቱን መለሱልን። ካርቶኖቹ በባጃጅ ሄደው በባጃጅ ተመለሱ።

ሰውየውን አልተቀየምናቸውም። በየዓመቱ «ስንት ልጅ አሳለፍክ?» እየተባሉ የሚገመገሙ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ቦታ ብንሆን እኛም እንዲያ እንል ይሆናል። የምንጣላው ከአፋቸው ከወጣችው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ምክንያቱም ይህች ዓረፍተ ነገር የእሳቸው ብቻ አይደለችም። ከሆለታ እስከ ባኮ፣ በወላጁም በመምህሩም በስቴሽነሪ ባለቤቱም አፍ ላይ አለች።

እስቲ ከእኛ ከተሞች ወደ አንዱ ስቴሽነሪ ግቡ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አልፋችሁ መደርደሪያውን እዩት። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ጥያቄና መልስ፣ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ጥያቄና መልስ፣ የ8ኛ ክፍል ይኼው። ከዚያ «በ30 ቀን ሀብታም የመሆን ምሥጢር»ን የሚመስሉ ጥቂት ነገሮች። ከዚያ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የሠርግ መጥሪያ ካርድ። ይኸው ነው! መጽሐፍ ቤት የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ለመሆኑ ፈተና ብቻ የሚያነብ ልጅ ፈተና አለፈ ወይ? ይህን ያህል ከተመካንበት ውጤቱን እንየው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ሁሉም ነገር በመጽሐፍ እጦት መጣ አንልም፤ የመምህራን ኑሮ አለ፣ የፀጥታው ነገር አለ፣ ከዚያ በፊት የለመድነው ኩረጃም አለ። ግን በዕድሜው ሁለት መቶ ገጽ ያለው አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የማያውቅ ልጅ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ላይ ያንን ረጅም ምንባብ ሲያይ ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? መልሱን «ሐ» ብሎ የሸመደደው ጥያቄ እንደሆነ በዚያ ዓመት አልወጣም።

ደግሞ «ለሳይንስ ቅድሚያ እንስጥ ነው እኮ» የሚሉን አሉ። ድንቄም ሳይንስ! ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሰባ እጅ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሠላሳ እጅ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተብሎ ተሠርቶበታል። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ስቴሽነሪዎቻችን የሳይንስ መጽሐፍ ያዙ? የሳይንስ ጥያቄ ነው የያዙት። ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ ዓለም አልፎ ጊንጪ ሳይደረስ ኦሎንኮሚ አለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተወለዱት እዚያ፣ የሣር ክዳን ባላት አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ነው። ለትምህርት እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱና ዓርብ ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ስማቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ባነር ላይ አይተነዋል። ምን እንደሠሩ የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን? አቀንጭራ የሚባለው አረም የማሽላን ሥር ተጣብቆ ይመጣል። ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ራሱ «እዚህ ነኝ» ብሎ ጠላቱን ይጠራል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥሪ እምብዛም የማያሰሙ ዝርያዎች ፈልገው አገኙ፤ አዳቅለውም አረሙን የሚቋቋም ማሽላ ለገበሬው አደረሱ። ከዚህ የበለጠ የስለላ ታሪክ የት አለ? ይህን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ አድርጎ የሚተርክ መጽሐፍ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ፈልገን አጣን። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ አምቦ አለ፣ ባኮ አለ፤ ሦስቱም በአንድ አስፋልት ዳር። ልጆቻችን በአጥሩ ሥር እያለፉ ጥያቄና መልስ ሊገዙ ይሄዳሉ።

ወደ ሥነ ጽሑፉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ንዴታችን ትንሽ ይብሳል። ጸጋዬ ከአምቦ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። አምቦ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር ጻፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበትም ታየለት። ዳዮኒስዮስ የማን ንጉሥ ነው? የሰራኩስ፣ የሲሲሊ ደሴት ሰው። ለቦዳ ልጅ ይህ ንጉሥ ከየት መጣለት? ከመጽሐፍ፣ ወይም መጽሐፍ ካነበበ ሰው አፍ ካልሆነ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ያኔ አንድ ሰው «ልጄ፣ ይኼ ፈተና ላይ አይወጣም» ብሎት ቢሆንስ? ኋላ ላይ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን በአማርኛ የሰጠን ያ ልጅ ነው።

ይኸው ጸጋዬ ሌላውን ጭቅጭቅም ይገላግለናል። 36ቱን መጻሕፍት ወደ ሌላ ቦታ ስንወስድ አንዱ «አማርኛው ምን አበዛው?» አለን። አዲስ አበባ ያለ ወዳጃችን ደግሞ ቀደም ሲል «ኦሮምኛውን ማን ሊያነብላችሁ ነው ገንዘብ የምታባክኑት?» ብሎን ነበር። ሁለቱን ብናስተዋውቃቸው ይዋደዱ ነበር። እስቲ ሁለቱም ይህን ይመልሱልን፦ ከኦሮሞ አባት የተወለደ፣ ግዕዝ የተማረ ሰው፣ ኦዳን በርዕሱ ያነሣበትን ቴአትር በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ አሳተመለት። ይህን መጽሐፍ በየትኛው ወገን መደርደሪያ ላይ ልናስቀምጠው ነው? መሀል ላይ ነው የምናስቀምጠው፣ ግራና ቀኙም በሌሎች ይሞላል።

ስለ ሥዕል መጻሕፍቱ ብዙ አንልም፤ በጣም የተሣቀብንም በእነሱ ነው። «ለሥዕል መጽሐፍ ይህን ያህል ብር!» ተባልን። ከአራታችን አንዱ የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም መስተዋት መጀመሪያ ያየው የጎረቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የባንክ ካሌንደር ነው። ዓመቱ አልፎ፣ ካሌንደሩ ጊዜው ካለቀም በኋላ፣ ጎረቤቱን ለምኖ ወሰደው። እስካሁን አለው። በነገራችን ላይ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከአምቦ ወጣ፤ ለመጀመሪያ አልበሙ የሠራው ሥራ በልጅነቱ በታሰረባቸው ዓመታት ነው የተጀመረው። «ኪነ ጥበብ ለጠገበ ሰው ነው» የምትሉ፣ ይህን አስታውሱ።

«ታዲያ መጽሐፍ በነጻ እየመጣ አይደል?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይመጣል! አንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብተን በእርዳታ የመጣውን መደርደሪያ አይተናል። የዊንዶውስ 95 መማሪያ፣ የአሜሪካ የግብር አሞላል፣ ሦስተኛው ቅጽ ብቻ ያለው የሕግ መጽሐፍ። ሲመዘን ብዙ ኪሎ ነው፤ ሪፖርት ላይም «ይህን ያህል ሺህ መጽሐፍ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ አበባ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ የመያዝ አቅም አለው ሲባል ደስ ብሎናል፤ ጎብኝተነዋልም። ለእኛ ከተሞች ግን የምንጠይቀው ሚሊዮን አይደለም። በአሳቢ ሰው የተመረጡ ሁለት መቶ መጻሕፍት፣ የልብ ወለዱም የከዋክብቱም የሥዕሉም ተሰባጥረው፣ ቅዳሜ የሚከፈት አንድ ክፍል ውስጥ። ሁለት መቶ!

36ቱ አሁን አምቦ፣ ከእኛ በአንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ ናቸው። የሰፈር ልጆች እየመጡ ይዋሳሉ፤ በር ላይ ባለ ደብተር ስማቸውንና ቀኑን ይጽፋሉ። ትናንት ደብተሩን አየነው። ከሁሉ ብዙ የተዋሱት የከዋክብቱን መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። «እሳት ወይ አበባ»ን የወሰደችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ወር ሆኗታል፣ አልመለሰችም። እናቷን መንገድ ላይ አግኝተን ስንጠይቃቸው፣ «ትገለብጠዋለች መሰለኝ፣ ሌላ ደብተር ግዢልኝ ብላኛለች» አሉን። ደብተሩን እኛ ገዝተን ላክንላት።